የባባ ኖአጋ መርፌ

መጀመሪያ ሳቁ። ባዚል በርጩማው ላይ አንድ ጎኑን ጥሎ ተቀምጦ፣ የሌለ መርፌ በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ፣ የሌለ ክር በአንድ እጁ ሊያሾልክ ሲታገል ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ግራ እጁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ጭኑ ላይ ተጥሏል። ክሩ ሳተ። እንደገና ሳተ። ከንፈሩ በአንድ በኩል ተንጠልጥሎ ለሃጭ ሲወርድ፣ ደህናው እጁ ሥራ ላይ ነበርና በትከሻው ጠረገው። ያኔ ሳቁ ከኋላ ወንበር ጀምሮ እየሳሳ መጣ። ክሩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲስት የሚስቅ አልነበረም። በርጩማው ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ አልተናደደም፣ አላማረረም። መርፌውን ብቻ ትክ ብሎ አየው፤ ሰው የከዳውን ወዳጅ እንደሚያየው።

«በቃ። ተመለስ» አሉ ታንቲ ሮዛሊ።

ባዚል ጀርባውን አቀና፣ አፉን ገጠመ፣ ተመልሶ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆነ። ክፍሉ አጨበጨበ። የሀብታሙ ልጅ ሴድሪክ እንኳ በጣቶቹ ጫፍ ሁለቴ መታ መታ አደረገ። መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው ሲቢሪም አጨበጨበ። ባዚል ያየው እሱን ነው። ሲቢሪ ከሁሉም ዘግይቶ ጀመረ፣ ከሁሉም ዘግይቶ አቆመ።

ታንቲ ሮዛሊ፣ ተማሪው ሁሉ «አክስቴ» ለማለት ታንቲ የሚላቸው፣ የትወና አስተማሪያቸው ናቸው። በወጣትነታቸው በብዙ ፊልም የሠሩ፣ አሁን ጉልበታቸውን እያሻሹ የሚያስተምሩ ሴት፤ ምስጋና ከአፋቸው የሚወጣው በጭንቅ ነው። «‹ከሰፈራችሁ አንድ ሰው አምጡ› ብዬ ላክኋችሁ» አሉ። «ሁላችሁም ኮፍያና ከዘራ ይዛችሁ መጣችሁ። ይሄ ልጅ ሰው ይዞ መጣ። ማን ናቸው?»

ባዚል ወደ መስኮቱ አላየም። «አጎቴ ናቸው። ቶማ፣ ገጠር ያሉት።»

«አንገታቸውን የማውቀው መሰለኝ።» ትንሽ አሰቡና ተዉት። «ለማንኛውም የሚመጣው ዓርብ ዳይሬክተሩ ሲመጣ ሁለት ወንዶች ብቻ ነው የማሳየው። ከሁለቱ አንዱን ለፊልሙ ይወስዳል። ሴድሪክና አንተ ናችሁ። አጎትህን ይዘሃቸው ና።»

ቶማ ያለው የባዚል አጎት በሁለት እጁ ማሽላ የሚያጭድ፣ በሬ የሚያክል ጤነኛ ሰው ነው።

ከክፍል ሲወጡ ሲቢሪ ግቢው ውስጥ ያለችው የኒም ዛፍ ሥር ቆሞ ጠበቀው። ሁለቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው የሚቀመጡ፣ ከአንድ ሳህን ሩዝና ባቄላ የሚበሉ ጓደኛሞች ናቸው። ሲቢሪ ፈገግ እንዳለ ነበር።

«አንተ የውሻ ጭንቅላት በላተኛ» አለው። «ውሻ መስረቅ ሰለቸህና ሰው ጀመርክ?»

ባዚል አፉ ላይ የመጣለትን መለሰ። «የአህያ ሥጋ የሚበላ ሎሌዬ ነው የሚጠይቀኝ? የጌታ ልጅ የፈለገውን ይወስዳል።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለ ሲቢሪ። ቦርሳውን አንጠለጠለና ወደ በሩ ሄደ። ሌላ ጊዜ በባዚል አሮጌ ሞተር ተፈናጠው ነበር የሚሄዱት።

ዋጋዱጉ ውስጥ ይሄን የማያውቅ የለም። ሞሲና ሳሞ የተባሉት ሁለት ሕዝቦች የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። ሲቢሪ ሞሲ ነው፤ ባዚል ሳሞ። ሳሞው ሞሲውን ገበያ መሃል ሌባ ቢለው፣ ሞሲው ሳሞውን በሠርጉ ቀን ውሻ በላ ቢለው መቀየም የለም። የሚቀየም ሰው አባቶቹን ያዋረደ ነው። ሞሲ ሲሞት እንኳ ሳሞ ዘመዶቹ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ይተኛሉ፤ «መሬቱ የኛ ነው፣ አይቀበርም» እያሉ ለቀስተኛውን በእንባው መሃል ያስቁታል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ብዙ ደም ያስቀረ ሕግ። ግን አንድ ጉድለት አለበት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰዳደቡ የኖሩ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ቀን እውነተኛ ስድብ ቢመጣ በምን ይለዩታል? ባዚል ሞተሩ ላይ ተቀምጦ የሲቢሪን ጀርባ እያየ ያሰበው ይሄንኑ ነው። ልጁ ቀልዶ ነው ወይስ ሰድቦኝ?

ሽማግሌው የሲቢሪ አባት ነበሩ።

ባባ ኖአጋ ዳፖያ ሰፈር የታወቁ ልብስ ሰፊ ናቸው። የትወና ትምህርት ቤቱን የመድረክ ልብስ ለብዙ ዓመት የሰፉት እሳቸው ናቸው፤ የንጉሥ ካባ፣ የወታደር ኮት፣ የሙት መንፈስ ቀሚስ። ባዚል መጀመሪያ እቤታቸው ሲገባ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው «ሃዶ፣ ውሻችንን ደብቂው፣ ሳሞ መጣ» ብለው ነበር ሚስታቸውን የጠሯት። ባዚልም ሳይቀመጥ «አህያህን ፈትተህ አምጣ፣ እራት አልበላሁም» አላቸው። ሌላው ልጅ ሁሉ «እርስዎ» የሚላቸውን ሰው እሱ «አንተ» ይላል። ከዚያ ቀን በኋላ ባባ ኖአጋ እሱን ሳይሰድቡ የሚያሳልፉት ሳምንት አልነበረም።

ዝናቡ ሲያባራ ስትሮክ መታቸው። ከአንደበታቸው የቀረው አንድ «እ» የምትል ድምፅ ናት። ማማ ሃዶ ለጎረቤት እውነቱን ነገረች፤ ለትምህርት ቤቱ ግን ባለቤቷ አቢጃን ወንድማቸው ዘንድ ሄደዋል አለች። እጁ ለሞተ ሰፊ ማን ጨርቅ ይሰጣል? እሷና ሲቢሪ እየተፈራረቁ ይሰፋሉ፤ ልብሱ በባባ ኖአጋ ስም ይገባል። ሲቢሪ ክፍል ውስጥ ሲጠየቅ «አባዬ አቢጃን ነው፣ ደህና ነው» እያለ ወራት አለፉ። እውነቱን ከትምህርት ቤቱ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ባዚል።

ሲቢሪ ያመነውም እሱን ነው።

ባዚል ይሄን አስቦበት አልነበረም። እውነት ለመናገር ያዘጋጀው ሌላ ሰው ነው፤ የራሱን አባት፣ ሞተር ጠጋኙን። ሳምንት ሙሉ አባቱ ብሎን ሲፈታ ምላሱን እንዴት እንደሚነክስ ሲያጠና ቆይቷል። ያን ቀን ጠዋት ግን ክፍል ሳይጀመር ኮሪደሩ ላይ ሲለማመድ ሴድሪክ ከጓደኞቹ ጋር አለፈ። ቆሞ አየው፣ አፍንጫውን ያዘ፤ «ግሪስ ሸተተኝ ልበል?» አለ። ሳቁ። ያ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የተናገረው ሰው ኮሪደሩን ሳይጨርስ ይረሳዋል፤ የተነገረው ሰው ግን ሲሸብትም አይረሳውም። ባዚል አባቱን እዚያው ኮሪደር ላይ ጣለው። ስሙ ሲጠራ ባዶ እጁን ወጥቶ ቆመ፤ በርጩማውን አየ፣ ተቀመጠ፣ ጎኑ በራሱ ወደቀ። ባባ ኖአጋ መጡለት። ከሰው ቤት ሰተት ብለው ወጥተው መጡለት።

በቀጣዮቹ ቀናት ዳፖያ አልሄደም። ልምምድ አለብኝ አለ። እውነትም ነበረበት፤ ታንቲ ሮዛሊ በየቀኑ ከክፍል በኋላ ያስቀሩት ጀመር። «አንገቱን ቀስ። ክሩን ስትስት ትንፋሽህን አትልቀቅ፣ ያዘው።» ባዚል ቀስ አደረገ፣ ያዘው። በተለማመደ ቁጥር ያምርለታል፤ ባማረለት ቁጥር እቤቱ ሲገባ ምግቡ አልዋጥ ይለዋል። እናቱ የማሽላውን ገንፎና የባሚያውን ወጥ ፊቱ አድርጋ «ፊልም ሳይገባ ኮራ» ትለው ነበር። አባቱ ግሪስ ያለበትን እጁን እየታጠበ ያየዋል። ባዚል የአባቱን ዓይን ሸሸ። አንዱን አባት ጥሎ ሌላውን የሰረቀ ሰው ወዴት ያያል?

ሲቢሪ እንደ ድሮው ነበር። ክፍል ውስጥ ይቀልዳል፤ «ሌባው መጣ፣ ቦርሳችሁን ያዙ» ይላል። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ባዚልም ይስቃል። አንድ ጊዜ ብቻቸውን ሲሆኑ ባዚል «ስማ፣ ያ ነገር...» ብሎ ጀመረ።

«የቱ ነገር?»

«የአባትህ ነገር።»

«አባቴ አቢጃን ነው» አለ ሲቢሪ፣ ፈገግ ብሎ። «ያንተ አጎት ነው አሉ የታመመው። እግዜር ይማርልህ።»

ባዚል ወደ ልምምዱ ተመለሰ።

ረቡዕ ዕለት ማማ ሃዶ ራሷ ትምህርት ቤት መጣች። የተሰፉትን ልብሶች በጨርቅ ቋጥራ ከሞተሯ ኋላ አስራ ነበር። ባዚል በልምምዱ መሃል መስኮቱ ጋ ቆሞ ከታንቲ ሮዛሊ ጋር ሲነጋገሩ ሰማቸው።

«ኖአጋ እንዴት ነው? አይመለስም እንዴ?»

«ደውሎ ነበር፣ ደህና ነው። የአንገቱን ልክ በስልክ ነው የነገረኝ። ‹ታንቲ ጠባብ ክሳድ አይወዱም፣ አስፊው› ብሎኝ...»

«ኧረ ያስታውሳል እሱ ሰውዬ። ዓርብ የፊልሙ የልብስ ኃላፊም አብሮ ይመጣል፤ የኖአጋን ሥራ አሳየዋለሁ። ደህና ሥራ ያገኛል።»

«እግዜር ይስጥልን።» ማማ ሃዶ ይሄን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ባዚል ግን እጇን አየ፤ የቋጠሮውን ጫፍ እየጠመዘዘች ነበር። ክፍል ውስጥ ታንቲ ሮዛሊ «ሰው ሐሰት ሲናገር እጁን እዩት» ብለው ያስተማሩት ነገር ነው። መማሩን የጠላው ያን ጊዜ ነው። ዓርብ የልብስ ኃላፊው ፊት ተቀምጦ የአንድ ልብስ ሰፊ ሽባ እጅ ሊያሳይ ነው። ታንቲ ሮዛሊ አንገቱን እንደገና ያያሉ፤ መርፌውን ያያሉ። አንገትና መርፌ ተደምሮ ማን እንደሚሆን ለማወቅ ምን ይፈጃል?

ማማ ሃዶ ስትወጣ የኒሟ ጥላ ሥር አገኘችው።

«አንተ ሳሞ፣ የት ጠፋህ?»

«ልምምድ ነው፣ ማማ ሃዶ።»

«ልምምድ እሺ። ሰውዬው ከሰዓት ሲሆን በሩን ያያል። የሞተርህን ድምፅ ሲሰማ አንገቱን ያቀና ነበር፤ አሁን የሰው ሞተር ባለፈ ቁጥር እያቀና ተቸገርኩ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከወደቀ ወዲህ ሰው ሁሉ ያከብረዋል። ይገባሉ፣ ያንሾካሹካሉ፣ ‹እግዜር ያውቃል› ብለው ይወጣሉ። አስከሬን ያለበት ቤት ነው የሚመስሉት። የሚሰድበው አንተ ብቻ ነበርክ። መጥተህ ስደብልኝ፣ ልጄ።»

የማታውቅ መሆኗን ባዚል ተረዳ። ሲቢሪ እቤትም አልተናገረም። ለማንም አልተናገረም።

ሐሙስ ከሰዓት ዳፖያ ሄደ። ሞተሩን በሩ ላይ ሲያጠፋ ከውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ። ግቢው እንደ ወትሮው ነው፤ የማንጎው ዛፍ፣ ከሥሩ የእንጨት መጋደሚያ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ባባ ኖአጋ። ከስተዋል። መርፌው በሰማያዊ ሸሚዛቸው ክሳድ ላይ ተሰክቷል፤ ሁልጊዜም እዚያ ነው። በረንዳው ላይ ሲቢሪ የሆነ ቀይ ጨርቅ እየሰፋ ቀና ሳይል «ሌባው መጣ» አለ።

ባዚል ሽማግሌው ፊት ቆመ። ያሰበው ስድብ ሁሉ ጠፋበት። «እንዴት ዋሉ፣ ባባ» አለ።

የባባ ኖአጋ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን እልም አለ። ፊታቸውን ወደ ማንጎው ግንድ አዞሩ።

«ይኸው» አለች ማማ ሃዶ ከበሩ ላይ። «አንተም አከበርከው። በቃ ሞቷል ማለት ነው።»

ባዚል በርጩማ ሳበና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። «አንተ የአህያ ራስ በላተኛ» አለ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ። «እኔ ስመጣ ዛፍ ታያለህ? ዛፉ አበላህ? ጌታህ ነኝ፣ ዙር።»

ባባ ኖአጋ ዞሩ። «እ» አሉ። ከዚያ ፊታቸው በአንድ በኩል ተሰብስቦ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ማማ ሃዶ እልል ማለት ነበር የቀራት። ባዚል ግን አልተደሰተም። የቀልድ ዘመድ ሕጉ የሚታወቅ ነው፤ የምትሰድበውን ፊቱ ቆመህ ትሰድበዋለህ። እሱ መልስ ይሰጥሃል። ከኋላው የተነገረ ቀልድ አይደለም፤ ሐሜት ነው። ታዲያ የሰው ደዌ ወስዶ ሴድሪክ ፊት ማሳየት፣ ከዚያም «አጎቴ ናቸው» ማለት ምን ይባላል?

«ባባ፣ የሠራሁት ሥራ አለ» አለ። በረንዳው ላይ የስፌት መኪናው ቆመ። «ትምህርት ቤት ሰው አምጡ ተባልን። እኔ አንተን ወሰድኩህ። ሳልጠይቅህ። ስምህን አልተናገርኩም፤ ግን ወሰድኩህ። ነገ ደግሞ የፊልም ሰው ፊት አምጣው ተብያለሁ።»

ማማ ሃዶ ወደ ልጇ አየች፤ ሲቢሪ ወደ ጨርቁ።

ባባ ኖአጋ ባዚልን ረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ በአገጫቸው በርጩማውን አመለከቱ። በል፣ ማለታቸው ነው። አሳየኝ።

ባዚል በሕይወቱ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ጎኑን ጣለ። ግራ እጁን ጭኑ ላይ ለቀቀው። መርፌውን በጉልበቶቹ መሃል አጣበቀ፣ ክሩን አነሳ፣ ሳተ። ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ለሃጩን በትከሻው ሲጠርግ ከፊቱ «እ... እ...» የሚል ድምፅ ሰማ። ከወደቁ ወዲህ የባባ ኖአጋ ሳቅና ልቅሶ አንድ መልክ ነው፤ ፊታቸው ያው ይሰበሰባል፣ ዓይናቸው ያው ያነባል። ባዚል የትኛው እንደሆነ መለየት አቅቶት መሃል ላይ ቆመ።

ያኔ ባባ ኖአጋ ደህናውን እጃቸውን ዘረጉ። የባዚልን ቀኝ እጅ ከክሩ ላይ ያዙና እንደ ሕፃን እጅ አንስተው ጭኑ ላይ ጣሉት። ጭኑ ላይ የተዘረጋውን ግራ እጁን አነሱና መርፌው ወዳለበት አመጡት። ጣታቸው ደረቅና ሙቅ ነበር።

ባዚል አልገባውም። ያብራራው ሲቢሪ ነው፤ ከበረንዳው ሳይነሳ፣ ያለ ቀልድ ድምፅ።

«ፊት ለፊቱ ተቀምጠህ ነው ያየኸው። ገልብጠህ ወሰድከው። የሞተው ቀኙ ነው።» ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ግራው ቢሆንማ ዛሬም ይሰፋ ነበር።»

ባዚል የሽማግሌውን እጆች አየ። እውነት ነው። ወራት ሙሉ ፊታቸው ተቀምጦ የትኛው እጅ እንደሞተ አላየም። ለሃጩን አይቷል፣ አንገቱን አይቷል፣ የሚያስጨበጭበውን ሁሉ አይቷል። ሰውዬው የጎደለበትን ግን አላየም።

«እ» አሉ ባባ ኖአጋ። እንደገና።

በግራ እጁ ሞከረው። ጣቶቹ አልታዘዙትም። ማስመሰል አላስፈለገውም፤ ክሩ እውነት ሳተ፣ የሌለው ክር እንኳ። ባባ ኖአጋ ከክሳዳቸው መርፌውን ነቀሉና ሰጡት፤ ከጭናቸው ላይ ክር አንስተው ሰጡት። ባዚል ታገለ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሳይሆንለት ቀረ። ቀና ሲል የሽማግሌው ፊት ተሰብስቦ እንባቸው ይወርዳል፤ አሁንም ያው፣ የማይለይ። ማማ ሃዶ ወደ ቤት ገብታ ለረዥም ጊዜ አልተመለሰችም።

ሲቢሪ እስከ በሩ ሸኘው። ሞተሩን እያዞረ ባዚል ጠየቀው።

«ነገ ላድርገው?»

«አባዬ አስተካክሎህ የለ? ፈቅዶልሃል።»

«አንተን ነው የጠየቅኩህ።»

ሲቢሪ ሳቀ። የሳቀው በአፉ ነው። «እኔ ምን አባቴ እላለሁ? ሳሞ ነህ። ብትሰድበኝ አልቀየምም፣ ብትሰርቀኝ አልቀየምም፣ በአባቴ ጉድጓድ ውስጥ ገብተህ ብትተኛ አልቀየምም። ተወልጄ ያገኘሁት ነው። አትቀየም የተባለ ሰው እሺም እምቢም የለውም።» የሞተሩን መብራት ዳበሰ። «የልብስ ኃላፊው ይመጣል አሉ።»

«ይመጣል።»

«በል፣ ደህና ሂድ። ውሻ እንዳትገጭ። ገጭተህ እራት ታደርገዋለህ።»

ባዚል ሳይመልስ ሄደ። በሕይወቱ ለሞሲ ስድብ ሳይመልስ ሲሄድ የመጀመሪያው ነው።

ዓርብ አዳራሹ ሞላ። ዳይሬክተሩ አጭር፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። አጠገቡ የልብስ ኃላፊው ተቀምጦ ሲቢሪ የሰፋውን ቀይ ካባ ጭኑ ላይ አድርጎ ስፌቱን በጥፍሩ ይፈትሻል። ራሱን እየነቀነቀ ነበር፤ ወዶታል።

ሴድሪክ መጀመሪያ ወጣ። የሰከረ ፖሊስ ነው ያመጣው፤ ሦስት ጊዜ ተሳሳተ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሳቁለት። የሀብታም ልጅ ሲሳሳት ስልት ይባላል። ጨርሶ ሲወርድ በባዚል አጠገብ አለፈና «በርታ፣ ሽማግሌው» አለው። ይሄን እንኳ በደግነት ነው ያለው። ባዚልን የበለጠ ያቃጠለው ደግነቱ ነው። ይሄን ልጅ ለማሸነፍ አንድ በርጩማና አንድ የማይታዘዝ እጅ ይበቁታል። አሁን ደግሞ የትኛው እጅ እንደሆነ ያውቃል። ከዚህ በፊት ካደረገው እጥፍ ያምርለታል፤ ያንን እርግጠኛ ነው። ወደ ጣቶቹ እየመጣለት ነበር።

«ባዚል ቶኤ» ብለው ጠሩ ታንቲ ሮዛሊ። ወደ ዳይሬክተሩ ጎንበስ አሉ። «ይሄ ልጅ ቶማ ያሉ አጎቱን ነው የሚያመጣው። እይልኝ እስቲ።»

ባዚል ወጣ። በርጩማውን መድረኩ መሃል አስቀመጠ። ቆም ብሎ አየው። ሲቢሪ እንደ ልማዱ መስኮቱ አጠገብ ነበር፤ ለማጨብጨብ የተዘጋጀ ሰው ይመስል እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጓል።

ባዚል ከጥግ ሌላ በርጩማ አመጣና ከመጀመሪያው ፊት ለፊት አስቀመጠ። ከዚያ ባዶውን ትቶ ባመጣው ላይ ተቀመጠ።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ ታንቲ ሮዛሊ። «አጎትህስ?»

«እሳቸው ዛሬ አይመጡም፣ ታንቲ።»

«ታዲያ ማንን አመጣህ?»

«ፊታቸው ተቀምጦ የሚያያቸውን ልጅ።»

ታንቲ ሮዛሊ ግንባራቸውን ቋጠሩ። የልብስ ኃላፊው ወደ ካባው ተመለሰ። ዳይሬክተሩ በጣቱ ምልክት ሰጠ፤ ይቀጥል።

ባዚል ባዶውን በርጩማ አየ። መጀመሪያ እንደ ጓደኛ ልጅ አየው፣ ሊጠይቅ እንደመጣ። ቀስ በቀስ አንገቱ ወደ ፊት ሰገገ፤ ዓይኑ ጠበበ፤ ማንም እንዳያየው በስርቆሽ ወደሌለው በረንዳ በኩል ዞር አለና ተመለሰ። ጭኑ ላይ ያለው ግራ እጁ፣ እሱ ሳያዘው፣ የተሳሳተው እጅ፣ መሞት መለማመድ ጀመረ።

የሚስቅ አልነበረም። መስኮቱ አጠገብ ሲቢሪ እጆቹን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ አጣጠፈና የተቀመጠበትን በርጩማ ትንሽ ወደ ፊት አስጠጋ።